የሾፌር ሚስት ምስክርነት

ሰው በሌላው ነገር ሁሉ ስስታም ቢሆን በሁለት ነገር ቸር ነው፤ በምክርና በምስክርነት። በማያውቀው ነገር ሲሆንማ ቸርነቱ ወሰን የለውም። ያላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል ይባል የለ? እኔ ይህን ተረት ሌላውን ስሰድብበት ነው ያረጀሁት፤ አንድ ቀን ለራሴ ይሆናል ብዬ መች ጠርጥሬ!

ነፍሱን ይማረውና ባለቤቴ የጭነት መኪና ሾፌር ነበር። ሃያ ዓመት ጋቢና ውስጥ ከጎኑ ተቀምጫለሁ። ከዚያ ሁሉ ዘመን የተረፈኝ መስኮት ማውረድና ዳገት ላይ ጸሎት ማድረስ ብቻ መሆኑን ግን ለማንም ተንፍሼ አላውቅም። ብቸና ላይ መኪና በቆመ ቁጥር «እስቲ እማማ ይዩት» ይባላል። እኔም እጄን ወደ ኋላ አጣምሬ በተከፈተው ኮፈን ውስጥ አየት አደርግና «ዘይት ጎድሎት ነው» እላለሁ። በዚህ ዘመን ዘይት ያልጎደለው ማን አለ? ብዙ ጊዜ ልክ እሆን ነበር።

የእህቴ ልጅ ተመስገን ከብቸና ሞጣ የሚሠራ ሚኒባስ አለው። ሾፌሩ ሰይድ የሞጣ ሰው ነው፤ የአራት ልጆች አባት፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ የማይናገር። ባለፈው ክረምት ታዲያ ሚኒባሱ ዳገት ላይ አሻፈረኝ አለ። ሞተሩ ይጮኻል፣ መኪናው ግን ፈቅ አይልም። ተመስገን «ሞተሬን አቃጠለብኝ» ብሎ ሊያሰናብተው ተነሣ። ሰይድም ስሜ ከሚጠፋ ሽማግሌ ይየን አለ። እውነቱን ነው፤ ሞተር አቃጥሏል የተባለን ሾፌር በዚህ መስመር ማን መሪ ያስጨብጠዋል?

ሽማግሌዎቹ ሦስት ነበሩ፤ በድንበርና በባልና ሚስት ጠብ የተካኑ። በቅሎ ቢሆን እንፈርድ ነበር፣ የመኪናን ነገር ግን አዋቂ ይጠራ አሉ። አዋቂዋ እኔ! ነጠላዬን አጣፍቼ ከተፍ አልሁ።

ሰይድ ብድግ ብሎ አስቀመጠኝና «እማማ፣ ሞተሩ ጤነኛ ነው፤ ያለቀው ፍሪሲዮኑ ነው። ይቀየር ብየ ከፋሲካ ጀምሮ ስናገር ነበር» አለኝ። ፍሪሲዮን ምንድን ነው ብዬ ብጠይቀው ምን ነበረበት? ሦስት ሽማግሌ አፍ አፌን እያየ እንዴት ልጠይቅ! «አንተ ሰው፣ የሚጮኸው ማን ነው? ሞተሩ አይደለም? የሚጮኸው የታመመው ነው፤ ዝም ባለው ለምን ታሳብባለህ?» አልሁት። ሽማግሌዎቹም እውነት ነው፣ የታመመ ይጮኻል ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ። ሰይድም ቁልፉን ከኪሱ አውጥቶ መደቡ ላይ አኖረና «እርስዎ ካሉ ይሁን፤ እናቴን ያህላሉ» ብሎ ወጣ። ይህችን ቃል እኔ እንደ ምስጋና ቆጠርኋት።

ሚኒባሱ ተጎትቶ ሞጣ ጋራዥ ገባ። እኔም አዋቂ ነኝና ፍርዴ ሲጸና ለማየት ከተመስገን ጋር ሄድሁ። መካኒኩ እጁን ግራሶ ያጠቆረው ሽበታም ሰው ነው። ፈታትቶ አየና ሞተሩ ምንም አልሆነ አለ። ተቆጣሁት። እሱ ግን ሳቅ ብሎ «የገበሬ ልጅ አይደሉም እንዴ እማማ? ሞተሩ በሬው ነው፤ ጎማው ማረሻው። ፍሪሲዮን ማለት ሞፈሩን ከቀንበሩ ጋር የሚያስረው ምራን በሉት። ካምቢዮ ደግሞ የበሬውን ጉልበት ለዳገት እንደ ዳገቱ፣ ለሜዳ እንደ ሜዳው የሚያካፍለው ነው። እና ምራኑ ካለቀ በሬው ቢያጓራ ማረሻው ይሄዳል?» አለኝ። አይሄድም አልሁ ሳላስበው። «ታዲያ በሬው ምን አጠፋ?»

በሬውስ ምንም አላጠፋ። እኔ ግን አራሹን አርጄዋለሁ። ፊቴ እንደ ምድጃ ጋለ። የቄስ ሚስት ቅዳሴ ትቀድሳለች? ሰባ ዓመት ኖሬ ይህን እንዴት አጣሁት? ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው፤ በየት በኩል ይመለሳል? ተመስገንም መሬት መሬቱን እያየ «አክስትየ፣ ሰይድ ነግሮኝ ነበር እኮ» አለ። አሁን ነው የምትነግረኝ፣ አንተ ቋንጣ!

ባገራችን የበደለ ሰው ድንጋይ ተሸክሞ ከተበደለው ደጅ ይቆማል። ለእኔ በደል ግን ድንጋይ አነሰብኝ። የካድሁት ብረት ራሱ አንገቴ ላይ ይሁን ብዬ ከጋራዡ ጥግ ከተቆለለው አሮጌ ብረት ክቡንና ከባዱን መርጬ አነሣሁ። ፍሪሲዮኑ የቱ ነው ብዬ መካኒኩን ልጠይቀው? ያን ያህል አስረድቶኝ? ደግሞ ሌላ ውርደት!

ሰይድ ደጅ ስደርስ ጎረቤቱ ሁሉ ወጣ። ብረቱን አንገቴ ላይ ጭኜ ጎንበስ አልሁ። ከብረቱ ይልቅ የሰዉ ዓይን ነው የከበደኝ። «ማረኝ ልጄ፤ አንተ እውነተኛ ነበርህ፣ እኔ ሐሰተኛ። ፍሪሲዮንን ዛሬ አወቅሁት፤ ይኸው ተሸክሜው መጣሁ» አልሁ፣ ሰፈሩ ሁሉ እየሰማ። ሚስቱ ዕንባዋን ጠረገች። ተመስገን በሁለት እጁ ቁልፉን ዘረጋለት፤ ሰይድም ተቀበለና ቶሎ ብሎ ብረቱን ከአንገቴ አወረደ። ገልበጥ አድርጎ አየው። ከንፈሩን ነከሰ። ከዚያ ማንም እንዳይሰማው ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ፣

«ይቅር ብየዎታለሁ፣ እማማ። ግን ይሄ የፍሬን ነው» አለኝ።