ለጋሹ በአካል ቀርበው ይፈርሙ

ሥራ የሚሠራ መሥሪያ ቤት የትም አለ። ሥራ እንዳይሠራ ሌት ተቀን ተግቶ የሚጠብቅ፣ እንደኛው ያለ ግን እምብዛም አይገኝም። ስለዚህ ከመዝገብ ቤቱ ጥግ ሆኜ ያየሁትን ለትውልድ ማስተላለፍ ግዴታዬ ነው።

ነገሩ የተጀመረው አንጋፋዋና በአገራችን ብቸኛዋ የአከርካሪ ቀዶ ሐኪም ማመልከቻ ይዘው ክቡር ኃላፊያችን ቢሮ የገቡ ዕለት ነው። ውጭ አገር ያለ አንድ የሕክምና ትምህርት ቤት፣ ባለቤቶቻቸው በሕይወት ሳሉ ፈርመው ለትምህርት የለገሷቸውን ሦስት አስከሬኖች ሊልክላቸው ተስማምቷል። የቀረው የኛ የማስገቢያ ፈቃድ ብቻ ነበር።

«ዓይኔ እየደከመ ነው» አሉ ሐኪሟ። «ከአንድ ዓመት በኋላ ቢላ አልይዝም። ስምንት ተማሪዎች አሉኝ፤ ቢላ የሚያሳርፉበት የመጀመሪያው ወገብ የሕያው ሰው እንዲሆን አልፈልግም።»

ኃላፊያችን በዚህ ቅዱስ ዓላማ ልባቸው ተነካ። ልባቸው ተነክቶም ኮሚቴ አቋቋሙ።

ኮሚቴው «አስከሬን መንገደኛ ነው ወይስ ዕቃ?» በሚለው ላይ አራት ወር ሙሉ ተወያየ። መንገደኛ እንዳይባል የመመለሻ ትኬት የለውም፤ ዕቃ እንዳይባል ስም አለው። በመጨረሻ በአብላጫ ድምፅ «ዝምተኛ መንገደኛ» ተባለና መንገደኛ የሚጠየቀውን ሁሉ እንዲጠየቅ ተወሰነ። ሐኪሟም የጤና ምስክር ወረቀት አምጡ ተባሉ።

«ሞተዋል እኮ!»

«አሟሟታቸውን አልጠየቅንም» አሉ ኃላፊያችን በትዕግሥት። «አሁን ያሉበትን የጤና ሁኔታ ነው።»

ሐኪሟ ያንንም ይዘው መጡ፤ ከየት እንዳገኙት እግዜር ይወቀው። ፋይሉ ሊያልቅ ምንም አልቀረውም፤ መሥሪያ ቤታችን እንዲህ ያለ አደጋ ገጥሞት አያውቅም። ኃላፊያችን ግን አልተደናገጡም። መነጽራቸውን ጠራርገው፣

«ሰዎቹ ፈርመዋል፤ ጥሩ። ከፈረሙ በኋላ ሐሳባቸውን ቢቀይሩስ?» አሉ።

«ከሞቱ በኋላ?»

«እሱን እኛ በምን እናውቃለን? ራሳቸው ይምጡና ይንገሩን።»

አንቀጽ ዘጠኝ የተወለደው ያን ዕለት ነው። «ለመለማመጃ የሚውል ገላ ባለቤት በሕይወት፣ በአካል ቀርቦ፣ መታወቂያውን አሳይቶ በሦስት ቅጂ ይፈርም» ይላል። መመሪያው ሲጸድቅ ኃላፊያችን «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የሚል ረጅም ንግግር አደረጉ። እንቁላሉ የት እንደደረሰ የጠየቀ አልነበረም። ሁላችንም አጨበጨብን። እኔም አጨብጭቤያለሁ፤ አላፈርኩም ብል ውሸት ነው።

ሐኪሟ ለመጨረሻ ጊዜ ሲመጡ ደረጃውን የወጡት ግድግዳውን እየዳሰሱ ነበር። አንቀጹን እኔ አነበብኩላቸው። «እሺ ልጄ» ብለው ብቻ ሄዱ። በወሩ ጡረታ ወጡ፤ አስከሬኖቹም ለሌላ አገር ተማሪዎች ተሰጡ። ምስጋና ለንቃታችን፣ በአገራችን አንድም ሙት ያለፈቃዱ አልተነካም።

ዓመት ሳይሞላ፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ወንበር ላይ የኖረው የኃላፊያችን ወገብ ከዳቸው። እግራቸው እየደነዘዘ ሄደ። ነገውኑ ቀዶ ሕክምና ካልተደረገላቸው መራመድ እንደማይችሉ ተነገራቸው፤ ውጭ አገር እንዳይሄዱ እንኳን አውሮፕላን መሳፈር፣ አልጋቸው ላይ መገላበጥም አልቻሉም። የሚፈረም ፋይል ይዤ ሆስፒታል ሄጄ አጠገባቸው ቆሜ ሳለ ከስምንቱ ተማሪዎች አንዱ ገባ።

«ልጄ፣ ይሄን ነገር ስንት ጊዜ ሠርተኸዋል?» አሉት።

«በመጽሐፍ ብዙ ጊዜ።»

«በእጅህስ?»

«ነገ እጀምራለሁ።»

«በእኔ ልትለማመድ! ማን ፈቀደልህ?»

ወጣቱ አልተቆጣም። ከጋውኑ ኪስ የታጠፈ ወረቀት አወጣ፤ የኛን ማህተም ከሩቅ ለየሁት።

«አንቀጽ ዘጠኝ፣ ጌታዬ። በሕይወት አሉ። በአካል ቀርበዋል። መታወቂያዎም ይኸው። መመሪያው ከወጣ ወዲህ መስፈርቱን ያሟሉ እርስዎ ብቻ ነዎት።»

ኃላፊያችን ቅጹን ተቀብለው እንደ ልማዳቸው እንከን ፈለጉበት። ማህተሙ አለ፤ ቁጥሩ አለ፤ ቀኑ አለ። ሦስቱንም ቅጂ አገላበጡ። በመጨረሻ ወደ እኔ ዞሩ።

«አንተ፣ የጎደለ ነገር የለም?» አሉኝ።

«ፊርማዎ ብቻ» አልኩና እስክሪብቶዬን አቀበልኳቸው።