ኬክሮስ በኩሽናችን ሲያልፍ

መስመር ካላሰመረ እንቅልፍ የማይወስደው ሰው በየሰፈሩ አንድ አይጠፋም። ሁለት ሰዎች ሲጨቃጨቁ ከሰማ ማስመሪያውን ይዞ ከች ይላል። የእኛ ሰፈሩ፣ ክቡርነታቸው ጋሽ ኬክሮስ ናቸው። ስሙን ያወጣንላቸው ለሹፈት ነበር፤ እሳቸው ግን እንደ ማዕረግ ነው የያዙት።

ጋሽ ኬክሮስ ዕድሜያቸውን የፈጁት ካርታ መሥሪያ ቤት፣ ወንበር ላይ ነው። ያሰመሩት ድንበር ስንት ወንዝ ተሻግሯል፣ ስንት መንደር ለሁለት ሰንጥቋል፤ የእሳቸውን ጫማ ግን አንድም ቀን ጭቃ ነክቶት አያውቅም። ስለ ኬክሮስ፣ ካርታ ላይ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ስለሚሰመረው መስመር፣ ሲያወሩ ስለ ሥጋ ዘመድ የሚያወሩ ነው የሚመስሉት። "አርባ ዘጠነኛው ጨዋ ነው፤ ሁለት ትልልቅ አገሮችን ለይቶ ድምፁ አይሰማም። ቁጡው፣ አንዱን አገር ለሁለት ከፍሎ የሚያፋጥጠው ሠላሳ ስምንተኛው ነው" ይላሉ። መስመሩ የሰው ጓሮ ሰንጥቆ ሲያልፍስ ካልናቸው መልሳቸው አንድ ነው፦ "ካርታ አይሳሳትም፤ የሚሳሳተው መሬቱ ነው።"

እናታችን ከሞተች በኋላ እኔና እህቴ በቤቱ የተነሳ ሆድና ጀርባ ሆንን። እሷ "ያስታመምኳት እኔ ነኝ" ትላለች፤ እኔ "ጣሪያውን ያደስኩት እኔ ነኝ" እላለሁ። አንድ ቤት እየኖርን ሰላምታ እንኳ ተውን። ዘመድ ገባ፣ ጎረቤት ገባ፤ አልሆነም። ቤቱን ሸጠን ልንለያይ፣ ምናልባትም ዳግም ላንተያይ፣ አንድ ሐሙስ ሲቀረን ጋሽ ኬክሮስ ኮምፓስና ጠመኔ ይዘው ከች አሉ።

"በግድግዳ መካፈል ያጣላል፤ በኬክሮስ ነው። ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ፣ ቀጥ ያለ። ሰሜኑ የእህትህ፣ ደቡቡ የአንተ" ብለው ወለሉ ላይ ተንበረከኩ።

ችግሩ፣ ቤታችን ኮምፓስ ታይቶ አልተሠራም። መስመሩ በሳሎኑ መስኮት ገብቶ፣ ሶፋውን በሰያፍ ቆርጦ፣ ኩሽናውን ሰንጥቆ ወጣ። ምድጃው ለእህቴ፣ የጋዝ ሲሊንደሩ ለእኔ ደረሰ። ሽንት ቤቱ የእኔ ሆነ፤ በሩ የእሷ።

"ጋሼ፣ ቤቱ እኮ ዘወር ብሎ ነው የቆመው" አለች እህቴ።

"ካርታ አይሳሳትም።"

"እና ቤቱን እናዙረው?"

"እሱ የእናንተ ጉዳይ ነው" ብለው እጃቸውን አራግፈው ሄዱ።

በማግስቱ ጠዋት ሽንቴ ወጥሮኝ መስመሩ ጫፍ ላይ ቆምኩ። እህቴ ግዛቷ ውስጥ ቁጭ ብላ ሽንኩርት ትልጣለች።

"ወዴት ነው?" አለችኝ። ከስንት ጊዜ በኋላ ማናገሯ ነው።

"ወደ ግዛቴ።"

"በእኔ መሬት አልፈህ? ቪዛ አለህ?"

ኮስተር ልትል ሞከረች፤ አልቻለችም። እናታችን ከሞተች ወዲህ ስትስቅ ያየኋት ያን ቀን ነው። እኔ መሳቅ አልደፈርኩም፤ ምክንያቱ ግልጽ ነው። "ሲሊንደሩን ክፈትልኝና እለፍ" አለች። እግሬን አጣብቄ ከፈትኩላት። ስመለስ ሻይ ተፈልቶ ነበር፣ በሁለት ብርጭቆ። ስለ መሸጥ ያነሳ የለም።

ጠመኔው ቀስ በቀስ በመወልወያ ጠፋ። አንድ እሑድ ግን ጋሽ ኬክሮስ "ድንበሩን ልጎብኝ" ብለው በር አንኳኩ። ሽማግሌውን ለማስቀየም የማን አንጀት ይችላል? እኔ ደጅ ላይ በወሬ ስይዛቸው እህቴ መስመሩን በጥድፊያ በእጇ አሰመረችው። ገብተን ሳየው፣ መስመሩ ኩሽና ሲደርስ ሆዱን ነፍቶ፣ ምድጃውንም ሲሊንደሩንም ዞሮ፣ ሁለቱን በአንድ ወገን ትቷቸዋል።

የፀጉር ያህል ዝንፍ ያለ መስመር ካዩ ሳምንት የሚያኮርፉት ሰውዬ መነጽራቸውን አደረጉ። ጎንበስ ብለው አዩ። ከዚያ ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን ያሉትን ሁለት ብርጭቆዎች አዩ።

"እዚህ ጋ" አሉ ቀስ ብለው፣ "መሬቱ ልክ ነው።"

እህቴ ሦስተኛ ብርጭቆ አወጣች። ከዚያ ወዲህ እሑድ እሑድ ከመምጣታቸው በፊት መስመሩን እናሰምርላቸዋለን፤ የቀሩ እንደሆነ ደግሞ እኔና እህቴ በየተራ መስኮቱ ጋ እየሄድን መንገዱን እናያለን።