አባ ልለፍ የልብስ ሰፊውን ጠመኔ ድል የነሡበት ቅዳሜ

በዘመነ ጠመኔ በሦስተኛው ዓመት፣ ይኸውም በሁለቱም ጎኑ ነጥብ የሌለበት፣ ባዶ-ባዶ የተባለው የዶሚኖ ድንጋይ ከልብስ ስፌት ቤቱ ጠፍቶ የልብስ ሰፊ ጠመኔ በምትኩ በነገሠ በሦስተኛው ዓመት፣ ኃያሉ፣ ታጋሹ፣ በሥራ ዘመናቸው ደብዳቤ አዳዩ፣ ከሰፈር ውሻ ሁሉ በሩጫ ያመለጡት አባ ልለፍ ጡረታ በወጡ በሁለተኛው ዓመት ያደረጉትን ገድል እነሆ እንጽፋለን። ስምዑ ወለብዉ፤ ያልገባው ይጠይቅ፣ የሚያዛጋም ደጅ ወጥቶ ያዛጋ።

አስቀድመን የጨዋታውን ትውልድ እንናገር። የሚያውቁ እንደሚሉት ዶሚኖ በጥንቲቱ ቻይና ተወለደ፤ ነጥቦቹም ቁጥር ለማውጣት የሚወረወሩ የሁለት ዳይስ ልጆች ናቸው። በዚያ ዘመን ባዶ የሚባል ነገር በድንጋዮቹ ላይ አልነበረምና ሰው ሁሉ በሰላም ይጫወት ነበር። ከብዙ ዘመን በኋላ ኢጣሊያ ሲደርስ ግን ድንጋዮቹ ሃያ ስምንት ሆነው ተገኙ፤ ባዶም በመካከላቸው ተቀምጦ ነበር። ማን እንደጋበዘው እኛ አናውቅም፤ ጣጣው ሁሉ ግን ከርሱ መጣ።

ሕጉም ይህ ነው፤ ድንጋዮቹ በግንባራቸው ተደፍተው ይታመሳሉ፣ አራቱ ተጫዋቾችም ሰባት ሰባት ያነሣሉ፣ ስድስት-ስድስትን የያዘው ይጀምራል፣ ተከታዩም ከሰልፉ ሁለት ጫፎች ባንዱ ቁጥሩ የሚገጥምለትን ድንጋይ ይለጥፋል፣ የሚገጥም የሌለው «ልለፍ» ብሎ ተራውን ይለቃል፣ ድንጋዩን ቀድሞ የጨረሰም ያሸንፋል። ጀግናችን አባ ልለፍ የተባሉት ይህችን ቃል ከሰላምታ አብልጠው ስለሚናገሯት ነው።

የጦር ሜዳው የልብስ ስፌት ቤቱ መቁረጫ ጠረጴዛ ነበር፣ በላዩም ጥቁር ጨርቅ ተነጥፎ ነበር። ጌታውም መስፍነ መቀስ፣ ሊቀ መርፌ፣ ሜትሩን እንደ ኒሻን ባንገቱ የሚያንጠለጥለው ልብስ ሰፊው ነበር፤ ይህም ሰው ከስንት አንዴ ካልሆነ በቀር ሽንፈት የሚባል ነገር አያውቅም ነበር። ምሥጢሩን እንንገራችሁ። ጠመኔው በመልኩም በመጠኑም ከተደፉት ድንጋዮች አይለይም፣ ጣት ግን ያነጣል፤ ስለዚህ ባዶ-ባዶ የደረሰው ሰው ገና ሲያነሣው አገር ያውቅበታል፣ ባዶም በጫፍ እንዳይወጣለት ይዘጋበታል። የልብስ ሰፊው ጣቶች ግን ከጠዋት ጀምሮ በሥራ የነጡ ናቸውና እርሱ ይያዘው አይያዘው የሚያውቅ አልነበረም። አንድ ጊዜ አፈ ምላጭ የተባለው ፀጉር አስተካካይ፣ ሁሉም እጁን ታጥቦ ይቅረብ ብሎ ቢያውጅ፣ መስፍነ መቀስ እንዲህ የሚል አዋጅ መለሰለት፦ «እጄ የነጣው እንጀራዬን ስፈልግ ነው። መታጠብ የፈለገ ቤቱ ይታጠብ።» ነገሩም በዚሁ ቀረ።

በዓመቱም ማብቂያ ልብስ ሰፊው ከስፌት መኪናው ጀርባ ተነሥቶ ሌላ አዋጅ አወጀ፦ «ስሙኝማ። ዓመቱን ሙሉ አንዴ እንኳ ያላሸነፈ ሰው የሚቀመጥበትን አግዳሚ ወንበር ለተረኛ ይልቀቅ። የፊታችን ቅዳሜ የመጨረሻው ነው።» ሁሉም ወደ አባ ልለፍ ዞረው አዩ፤ ሌላ የሚታይ ሰው አልነበረምና።

ወሬው ቤታቸው ቀድሟቸው ገባ። እመቤቲቱ ባለቤታቸውም ከጓዳ ሳይወጡ አወጁ፦ «እሰይ። ከዚያ አግዳሚ ከተነሣህ ቅዳሜ ቅዳሜ እህቴ ጋ ነን።» እኒህ እህት የሐሞት ጠጠራቸው የወጣበትን ታሪክ ከሐኪም ቤቱ በር ጀምረው የሚተርኩ፣ ጠጠሩንም በብልቃጥ አስቀምጠው ለእንግዳ የሚያሳዩ ሴት ናቸው። አባ ልለፍ ይህን ሰምተው አዘኑ። በብልቃጡ ብቻም አልነበረም። ደብዳቤ ሲያድሉ በየደጁ በስማቸው ይጠሩ ነበር፤ ጡረታ ከወጡ ወዲህ ግን ሲመጡ ጠጋ ብሎ ቦታ የሚለቅላቸው ያ አግዳሚ ብቻ ነበር። ይወዱት ነበር፤ ሳያሸንፉበትም ይወዱት ነበር።

ቅዳሜም ደረሰ፣ አባ ልለፍም የተተኮሰ ሸሚዛቸውን ለብሰው ዘመቱ። በፊታቸው ታክሲ ነጂው፣ ጌታ ፍሬን፣ መንገድ እየጠረገ ሄደ፤ በቀኛቸው አፈ ምላጭ ሽርጡን ሳይፈታ ተከተለ፤ በግራቸው እንቁላል ነጋዴው እንቁላሉን አቅፎ፣ እንዳይገፉትም እየለመነ መጣ፤ በስተኋላቸውም ለአግዳሚው ተረኛ የሆነው የፎቶ ኮፒ ቤቱ ባለቤት የራሱን ትራስ በብብቱ ይዞ መጣ። ትራሱን ገና ሳይሸነፉ ማምጣቱን ታሪክ አይረሳለትም!

ጦርነቱም ተጀመረ፤ አባ ልለፍም እንደ ልማዳቸው አለፉ፣ አለፉ፣ ደግሞም አለፉ። በመጨረሻው ዙር ግን ዕድል ራራችላቸውና ሁለት ድንጋይ ብቻ ቀራቸው፤ ሦስት-ባዶ እና አምስት-አራት። የሰልፉ ጫፎችም አንዱ ሦስት፣ ሌላው አምስት ነበሩ። ከርሳቸው ቀጥሎ ተረኛው መስፍነ መቀስ ሲሆን፣ በመዳፉ ሥር አንድ ድንጋይ ብቻ ቀርታው ነበር። አባ ልለፍ ሦስት-ባዶን ለመጣል እጃቸውን አነሡ፤ ከዚያም ያስቡ ጀመር። ሲያስቡ ደግሞ ጊዜ ይወስድባቸዋል።

ልብስ ሰፊውም በመጠበቅ ሰለቸው፣ ልቡም ከጠዋት ጀምሮ አልስማማ ወዳለው የአንድ ደንበኛ ኮት እጅጌ ሸሸ። እጁም እንደ ልማዷ፣ ጌታዋን ሳታስፈቅድ፣ በመዳፉ ሥር ያለውን አንሥታ በጥቁሩ ጨርቅ ላይ የእጅጌውን ጉብጠት ቆንጆ አድርጋ አሰመረች። በምን አሰመረች? በባዶ-ባዶ!

ሁሉም መስመሩን አዩት። አፈ ምላጭ እንኳ አፉን ዘጋ፤ ጨዋታ ላይ መጠቆም ነውር ነውና። ልብስ ሰፊው መስመሩን በክርኑ ቢጠርገው ይበልጥ ተንጣለለ። አባ ልለፍም ሦስት-ባዶን በቀስታ መልሰው አስቀመጡና አምስት-አራትን ለጠፉ።

ጫፎቹ ሦስትና አራት ሆኑ፤ ባዶ የሚገባበት ቀዳዳ ጠፋ። መስፍነ መቀስ ግራ አየ፣ ቀኝ አየ፣ ጣሪያውን አየ፣ ከዚያም በሕይወቱ አውጥቷት የማያውቃትን ቃል አወጀ፦ «ልለፍ።» ጌታ ፍሬን አለፈ፣ አፈ ምላጭም አለፈ። አባ ልለፍም ሦስት-ባዶን ከሦስቱ ጋር ገጠሙ፣ በፊታቸውም አንድ ድንጋይ አልቀረም።

ያን ጊዜ ልብስ ሰፊው ተነሥቶ አወጀ፦ «አግዳሚው የርሳቸው ነው። መስመሩን ደግሞ ማንም አላየም።» ሁሉም አላየንም ብለው ማሉ፤ ትራሱም በመጣበት ብብት ተመልሶ ሄደ። አባ ልለፍ ግን ዓይናቸው እንባ አቀረረ፣ አቧራ ገባብኝም አላሉም።

ከዚያ ወዲያ በየቅዳሜው ተሸነፉ፤ እየሳቁ ተሸነፉ፣ ጎረቤታቸውን በክርን እየጎሸሙ ተሸነፉ። ክብር ለአባ ልለፍ፣ ለደብዳቤው አርበኛ፣ ለእጅጌው መስመር አንባቢ፣ አንድ ጊዜ አሸንፈው ዓመቱን ሙሉ ያለ ስጋት የመሸነፍ መብት ላገኙት ታላቅ ሰው።