ጡሩምባ ውሃ ይሻገራል ወይ?

ሰው ሰፈር ሲለቅ ሁላችንም አይተናል። ዕቃውን አይሱዙ ላይ ይጭናል፣ ጎረቤት ይመርቀዋል፣ ይሄዳል። ሰፈር ሰውን ሲለቅ ግን ያየሁት እዚሁ ሐዋሳ፣ ከአሞራ ገደል ብዙም ሳይርቅ፣ እኛው ሐይቅ ዳር ነው።

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነውና ከሥሩ ልጀምር። ከሰፈራችን ጫፍ ወደ ሐይቁ የገባች ጠባብ መሬት አለች፤ «ምላስ» እንላታለን። እዚያ ላይ ያለው ቤት አንድ ብቻ ነው፣ የጡረተኛዋ መምህርት የእትዬ አስካለ። ሐይቁ ከዓመት ዓመት እየሞላ መጥቶ ባለፈው ክረምት ምላሷን ከሥሯ ቆረጣት። እትዬ አስካለ የሰፈር ነዋሪ ሆነው ተኝተው የደሴት ባለቤት ሆነው ተነሱ። በሰው አገር የራሱ ደሴት ያለው ሰው ከበርቴ ነው አሉ። እኛ ጋ ሽንኩርት ለመግዛት የአሳ አጥማጅ ጀልባ ይለምናል።

እኔ ነገር ካልገባኝ እንቅልፍ የማይወስደኝ ሰው ነኝ። ያ ሁሉ ውሃ እኛን እየበላ ምላሷን ለምን ተዋት? ዞሬ ዞሬ ሳየው መልሱ ፊላው ነው። እኛ ዳር ዳሩን ከሰው ቁመት በላይ የበቀለውን ፊላ፣ ያን ሸምበቆ መሰል ሣር፣ «ሐይቁ ይታየን» ብለን አጭደን ጨረስነው። ታየን። እንዲያውም ቀረብ ብሎ ጎበኘን፤ የእኔን አጥር ይዞ ሄዷል። አፈሩን የሚይዝ ሥር ሲጠፋ ማዕበል ዳሩን እየሸረሸረ ይወስደዋል። እትዬ አስካለ ግን አንዲት ፊላ አላስነኩም። ለተፈጥሮ ተቆርቁረው እንዳይመስላችሁ፤ ልብስ ሲያሰጡ ሰፈርተኛ እንዳያያቸው ነው። የሰፈራችን የአካባቢ ጥበቃ ማለት እንግዲህ ይኸው ነው።

አሁን ወደ እድሩ ልምጣ። የእድራችን ሊቀመንበር ጋሽ ደበበ ናቸው። እሳቸውና እትዬ አስካለ ከተኳረፉ ቆይተዋል፤ ምክንያቱ ያው ፊላው ነው፣ ማጭድ ይዘው ሄደው በዱላ ተመልሰዋል። እና ጋሽ ደበበ አንድ እሑድ ተነሱና ደንባችን ከሰፈሩ የለቀቀ አባል ይሰናበታል ይላል፣ እድሩ ድንኳን አለው፣ ድስት አለው፣ አግዳሚ አለው፣ ጀልባ ግን የለውም፣ ድንኳን ውሃ አይሻገርም አሉ። ምን ይባላል?

እኔ የእድሩ ጸሐፊ ነኝና መርዶውን ይዤ ተሻገርኩ። እትዬ አስካለ ሰምተው ሳቁ። እኔ መቼ ለቀቅኩ፣ ሰፈሩ ነው የለቀቀኝ አሉ። ቀጥለው ግን ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ልጅ የለኝ፣ ወንድም የለኝ፣ ታዲያ ስሞት ማን ያነሳኛል አሉኝ። ይህን ያህል ዓመት ለሰው ለቅሶ ሲቀመጡ የኖሩ ሴት ናቸው።

ግን እስቲ አስቡት፣ ሰፈር የሚያልቀው የት ነው? አጥር ላይ? አስፋልቱ ጋ? እያሰላሰልኩ ከረምኩና ለኮሚቴው አንድ ሐሳብ አቀረብኩ። ሰፈር ማለት የእድሩ ጡሩምባ የሚሰማበት ነው። ጡሩምባው እትዬ አስካለ ቤት ከተሰማ አባል ናቸው፣ ካልተሰማ ግን ለቀዋል። ጋሽ ደበበ ሳይቀሩ ተስማሙ። በእኔ ብልህነት እኔም ተገረምኩ።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ጡሩምባ ነፊያችን ላሚሶ ሐይቁ ዳር ሊነፋ ቆመ፣ እኔ ደግሞ ለማዳመጥ ደሴቷ ላይ ተቀመጥኩ። እትዬ አስካለ ነጠላቸውን ከጆሯቸው ላይ ገለጥ አድርገው ከጎኔ ተቀምጠዋል። ጠበቅን። ፊላው በነፋስ ይንሿሿል፣ ወፎቹ ውስጡ ይንጫጫሉ። ጡሩምባ የሚባል ነገር የለም። ነፍቶ ይሆን ስላቸው አንገታቸውን አቀረቀሩ። ያ ያዳናቸው ፊላ ድምፁንም አላሳልፍ ብሏል። አዘንኩ፤ ሐሳቡን ያመጣሁት እኔው ነኝና አፈርኩም።

አንድ ነገር ግን ረስተናል። የእድር ጡሩምባ ለሙከራ ተነፍቶ አያውቅም። ነገሩን የሚያውቀው ኮሚቴው ነው፤ ለሰፈርተኛው ማን ነገረው? ላሚሶ ፊቱን ወደ ደሴቷ አዙሮ ሲነፋ ሰው ሁሉ ግልብጥ ብሎ ወጣ። ወዴት እንደዞረ አዩና «አስካለ ሞተች!» ሆነ። ፈተና መሆኑን የሚያውቁት ጋሽ ደበበ እንኳ ሰው ሲያለቅስ ሲያዩ እየተፈተነች ሞተች ብለው አመኑ።

ይህን ሁሉ የሰማነው በኋላ ነው፤ እኛ ያየነው ጀልባዎቹን ነው። ፊተኛው ላይ ጋሽ ደበበ ጋቢያቸውን አዘቅዝቀው፣ አሳ በሚጫንበት ጀልባ የእድሩን ድንኳን ከነቋሚው ጭነው፣ ሳንታረቅ፣ ሳንታረቅ እያሉ ይነፋረቃሉ። እትዬ አስካለ ብድግ ብለው ወደ ዳር ሄዱ። ፊላዬን እንዳትሰብሩ፣ በዚያ በኩል ዙሩ ብለው ጮኹባቸው።

ለቅሶው ቀጥ አለ። አንዷ ሴትዮ እልል ልትል ከጀመረች በኋላ ግራ ገብቷት ተወችው።

ጋሽ ደበበ እንባቸውን በጋቢያቸው ጠረጉ፣ ጉሮሯቸውን ጠራረጉ፣ ወዲያው ሊቀመንበር ሆኑ። ይኸው ድንኳኑ ውሃ ተሻገረ አልኳቸው። የተሻገረው ለሟች ነው፣ ሟች ስለሌለ አይቆጠርም አሉኝ። የተስማማነው በጡሩምባው ነው፣ እቅጩን ንገረን፣ ተሰማ ወይስ አልተሰማም አሉ። የጀልባው ሰው ሁሉ እኔን ያየኛል። መዋሸት አልችልበትም፣ እውነቱን ብናገር ደግሞ አሮጊቷን ቀባሪ አሳጣለሁ።

እትዬ አስካለ ነጠላቸውን አስተካከሉና እኔን አልፈው ወደ ጋሽ ደበበ ዞሩ።

«ሞታለች ብለህ አይደል የመጣኸው?» አሏቸው። «ታዲያ ጡሩምባውን ባልሰማ ከሞት በምን ተነሳሁ?»