ሁለቱ «አሳውቅ»

ለሠራው ነገር ሁሉ አንድ ስም ብቻ የሚያወጣ ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔ አብሬው እሠራለሁ! ዳዊት ይባላል። ሸዋ ሮቢት ውስጥ የባጃጅ መጥሪያ ድረ ገጽ ሠርተናል። ሾፌሮችን የሚጠራውን የኮድ ክፍል «አሳውቅ» አለው። ኋላ ደግሞ ድረ ገጹ ላይ የሚሆነውን ሁሉ የሚመዘግብ ሎግ ጨመረና እሱንም «አሳውቅ» አለው። ስም ጠፍቶ ነው?

ኮድ በአንድ ስም ሁለት ነገር አያውቅም፤ ሾፌር ጠሪውን ብቻ ያዘ። በማግስቱ እትዬ አስካለ ምጥ ለያዛት ልጃቸው ባጃጅ ሊጠሩ ድረ ገጹን ከፈቱ። ስልኩን በነኩ ቁጥር ሎጉ መመዝገቡን ትቶ ሾፌር ይጠራል! የከተማው ባጃጅ በሙሉ ደጃቸው ተግተልትሎ መንገዱ ተዘጋ።

«አንድ ነው እኮ ያልኩት!» እያሉ ጮኹ እትዬ፣ ልጃቸውን ደግፈው።

የጡሩንባውን ጩኸት ሰምተን ሮጠን ደረስን። ሾፌሮቹ እየተጯጯሁ መንገድ ለቀቁ፤ አንዱ እትዬንና ልጃቸውን ይዞ ወደ ሆስፒታል ከነፈ፤ የቀሩት ጡሩንባ እየነፉ አጀቡት። እንዲህ የታጀበ ሙሽራ አይቼ አላውቅም!

ሴት ልጅ በሰላም ተወለደች። ዳዊት የሎጉን ስም ወዲያው «መዝግብ» ብሎ ለወጠ። እትዬ ግን አልተቀየሙትም፤ «ስሟን አንተው አውጣላት» አሉት።

ዳዊት ወረቀትና እስክሪብቶ አወጣ። «እትዬ፣ መጀመሪያ የሰፈሩን ሕፃናት ስም ይንገሩኝ» አላቸው።