የኮልፌ ባሕርና ተራራ ጉዳይ

ቀን፦ በእኛ አቆጣጠር ቅዳሜ ጥቅምት 12 ቀን 1931 ዓ.ም.፤ በእነሱ ኦክቶበር 22 ቀን 1938። «ዘመነ ፋሽስት» የሚባል ሦስተኛ ቁጥርም አለ፤ እሱን የኢጣልያኖቹ ቢሮ ራሱ ይጻፈው።

ቦታ፦ ኮልፌ፣ የአቶ ሰይፈዲን የቆዳ መጋዘን። ቆዳው ትናንት ገና የገባ ስለሆነ መስኮቱ ተከፍቶ እንዲውል ያለ አንዳች ክርክር ተወስኗል።

የተገኙ፦
ግራዝማች መሸሻ፣ ሰብሳቢ፣ በቢሮው የተሾሙ
አቶ ፈቀደ፣ የቢሮው አስተርጓሚ
መምሬ ወልደ አማኑኤል፣ የአጥቢያው ቄስ
አቶ ገረሱ፣ ገበሬ
ወይዘሮ ድንቅነሽ፣ የእንጨት ሻጮች ተጠሪ
አቶ ሰይፈዲን፣ ቆዳ ነጋዴ
ጸሐፊ፣ ገብረአምላክ

ምልአተ ጉባኤ፦ የኮሚቴው ደንብ ስድስት አባል ካልተገኘ ስብሰባ አይደረግም ይላል። ደንቡን ያወጣው ቢሮው ነው። ከአምስት ሰው በላይ አንድ ቤት ውስጥ ቢገኝ አድማ ነው ተብሎ ይታሰራል የሚለውን ማስታወቂያ ያወጣውም ይኸው ቢሮ ነው። ከረጅም ውይይት በኋላ አቶ ሰይፈዲን ከመስኮቱ ውጭ በርጩማ ላይ ተቀምጠው አንገታቸውን ብቻ ወደ ውስጥ እንዲያስገቡ ተወሰነ። በዚህም መሠረት ስድስት ሰው ተገኝቶ አምስት ሰው ተሰብስቧል። አቶ ሰይፈዲን ከገዛ መጋዘናቸው መባረራቸው ቅር እንዳሰኛቸው እንዲጻፍላቸው ጠይቀዋል፤ ተጽፎላቸዋል። ጸሐፊው እጅ እንጂ ሰው ስላልሆነ አይቆጠርም ሲሉ ሰብሳቢው ወስነዋል። እጁ ይህንንም ጽፏል።

አጀንዳ 1፦ የቢሮውን ትእዛዝ ስለ መረዳት

አቶ ፈቀደ ትእዛዙን አነበቡ። ነገሩ ባጭሩ እንዲህ ነው። ከሮማ የተከበሩ እንግዶች ይመጣሉ። እንግዶቹ ያለ መሪ፣ በገዛ እግራቸው፣ በባሕር ዳርና በተራራ እየተዘዋወሩ ዕረፍት ያደርጋሉ። ሻንጣቸው በበቅሎ ተጭኖ ቀድሟቸው ይሄዳል። ኮሚቴው መንገዱን መርጦ፣ በየመታጠፊያው ድንጋይ ላይ በኖራ ቀስት ሥሎ፣ ሰኞ ለሚመጡት ካፒቴን ያስረክባል።

መምሬ ወልደ አማኑኤል እንግዶቹ የሚያርፉት ተራራው ላይ ነው ወይስ ባሕሩ ዳር፣ የቀብሩስ ወጪ በኮሚቴው ላይ ነው ወይስ በቢሮው ብለው ጠየቁ። አቶ ፈቀደ «ዕረፍት» የተባለው ሞት ሳይሆን ሥራ መፍታት ነው ሲሉ አስረዱ። መምሬ ሥራ የፈታ ሰው ይተኛል እንጂ ተራራ አይወጣም፣ ትርጉሙ እንደገና ይጣራ ብለው በአቋማቸው ጸኑ።

አቶ ገረሱ ሻንጣው በበቅሎ፣ ባለቤቱ በእግር የሚሄድበት ምክንያት እንዲብራራላቸው፣ ምናልባትም ሻንጣው ታሞ እንደሆነ እንዲነገራቸው ጠየቁ። አቶ ፈቀደ በአውሮፓ ሰው ለደስታ ሲል በእግሩ ይሄዳል አሉ። አቶ ገረሱ እሳቸውም ከአምቦ ኮልፌ ድረስ በእግራቸው መጥተው እንደሚያውቁ፣ ደስታ የተባለውን ግን እንዳላዩት፣ ምናልባት ሆለታ ላይ ወድቆባቸው እንደሆነ ገለጡ።

አቶ ሰይፈዲን ከመስኮቱ በኩል፣ ያለ መሪ በጫካ የሚሄድ ሰው እስከ ትናንት ሽፍታ ይባል እንደነበር አስታውሰው፣ እንግዳ የተባለው ከመቼ ወዲህ እንደሆነ ጠየቁ። ሰብሳቢው ከውጭ የሚመጣ ጥያቄ አይስተናገድም አሏቸው።

ወይዘሮ ድንቅነሽ ከኮልፌ አስኮ ለመሻገር እንኳ የይለፍ ወረቀት እንደሚጠየቁ ተናግረው፣ እሳቸውም ሸክማቸውን ጥለው ባዶ እጃቸውን ቢሄዱ እንግዳ ይባሉ እንደሆነ ጠየቁ። አቶ ፈቀደ ሸክም የሌለው ያገሬው ሰው ይጠረጠራል ሲሉ መለሱ። ጥያቄው መልስ እንዳገኘ ተቆጥሮ ታለፈ።

መምሬ ቀጥለው፣ በቅሎ እያለው ተራራ በእግሩ የሚወጣ ሰው ንስሐ የገባ ሰው ነው፣ ደግ ነው፣ ነገር ግን እስካሁን ከተሠራው ሥራ አንጻር አንድ ተራራ አይበቃም አሉ። ሰብሳቢው ወደ አቶ ፈቀደ ዞር ብለው አይተው፣ ይህ ንግግር «መምሬ አሳላቸው» ተብሎ እንዲመዘገብ አዘዙ።

መምሬ አሳላቸው።

ከረጅም ውይይት በኋላ ትእዛዙ እንዳልገባን፣ ነገር ግን እንደምንፈጽመው በሙሉ ድምፅ ተወሰነ።

አጀንዳ 2፦ ባሕር ስለ መፈለግ

ሰብሳቢው ኮልፌ ባሕር እንደሌላት በትሕትና ገለጡ። አቶ ፈቀደ ይኸው ትእዛዝ ቃል በቃል ምፅዋም እንደ ደረሰ፣ ከምፅዋ አንድም ቅሬታ እንዳልመጣ፣ ኮልፌ ከምፅዋ በምን ትበልጣለች ብለው ተቆጡ። ባሕሩ ከትእዛዙ ላይ ሊፋቅ አይችልም፤ ማኅተም አርፎበታል። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ የሚለውን ተረት ጸሐፊው በሆዱ ተናገረው፤ ስለዚህ አልተመዘገበም።

አቶ ሰይፈዲን ቆዳ ሊሸጡ ጅቡቲ ወርደው ባሕርን በዓይናቸው ማየታቸውን፣ ባሕር ማለት ጨው ያለበት ኩሬ መሆኑን ካስረዱ በኋላ፣ ከታች ባለው የከብት ውኃ መጠጫ ውስጥ አሞሌ ጨው ቢጣል ነገሩ እንደሚያልቅ ሐሳብ አቀረቡ። አሞሌውን ማን ያቀርባል ተብለው ሲጠየቁ፣ በአጋጣሚ እሳቸው ዘንድ እንዳለ ተናገሩ። አቶ ገረሱ አጥብቀው ተቃወሙ። የእሳቸው ከብቶች ጨው ከቀመሱ ባሕሩን ሳይመሽ ይጨርሱታል፤ ኋላ ካፒቴኑ ባሕሩን ማን ጠጣው ቢሉ ተጠያቂው ማን ነው? ሐሳቡ ወደቀ።

በዚህ ጊዜ መምሬ ተነሥተው፣ ባሕር ከጠፋ ባሕር ዛፍ አለ አሉ። ዛፉ ከባሕር ማዶ የመጣ ነው፤ ስሙ ላይ ባሕር አለበት፤ ነፋስ ሲነካውም ሹ ይላል። አቶ ሰይፈዲን ባሕርም ሹ እንደሚል ከመስኮቱ ሆነው መሰከሩ። አቶ ፈቀደ እንግዶቹ ባሕር ብለው መጥተው ደረቅ መሬት ቢያገኙስ ብለው ሲጨነቁ፣ መምሬ ለእስራኤልም ባሕሩ ተከፍሎላቸው በደረቅ መሬት ነው የተሻገሩት፣ ለእንግዶቹም ተከፈለላቸው ይባላል አሉ። ከዚያም ባሕሩ ተመልሶ የገጠመው በማን ላይ እንደነበር ሊጨምሩ ሲሉ ሁለተኛ አሳላቸው።

ከረጅም ውይይት በኋላ በባሕር ዛፉ መግቢያ ላይ «ባሕር» የሚል ሰሌዳ እንዲተከል፣ ለቀለም ቁጠባ ሲባል «ዛፍ» የሚለው እንዲቀር በሙሉ ድምፅ ተወሰነ።

አቶ ፈቀደ ባሕሩ በመገኘቱ ተደስተው፣ ካፒቴኑ ዘንድ ፓስታ ስለ ተጠሩ፣ የተራራውን ነገር ራሳችሁ ጨርሱት፣ ቃለ ጉባኤው እስከ ማታ ይድረሰኝ ብለው ሄዱ። የተሰብሳቢው ቁጥር በአንድ ስለ ጎደለ አቶ ሰይፈዲን ወደ መጋዘናቸው እንዲገቡ ተፈቀደላቸው፤ ሲጀመር ስድስቱም ስለ ተገኙ ምልአተ ጉባኤው አልጎደለም ተባለ። አንገታቸው ግን እስከ ስብሰባው መጨረሻ አልቀና አለ።

አጀንዳ 3፦ ስለ ተራራውና ስለ ቀስቶቹ

ሰብሳቢው መንገዱን አስቀድመው አስበውበት መጥተዋል። ከባሕር ዛፉ ተነሥቶ በወጨጫ ተራራ ግርጌ፣ እሳቸው በሚያሠሩት ባለ ሁለት ክፍል ቤርጎ ደጃፍ ያልፋል፤ ከዚያ በገደሉ በኩል ወጥቶ ምንጭ ያለበት ዋሻ ላይ ያበቃል። እንግዶቹ ዋሻው ውስጥ ጥላ ያገኛሉ፤ ሲመለሱ ደግሞ ይርባቸዋል፤ ሲርባቸው ቤርጎው አለ። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል ይባላል፤ ግራዝማች መሸሻን የሚቆጫቸው ነገር እንደማይኖር ጸሐፊው ከዚህ ተረዳ።

ወይዘሮ ድንቅነሽ ተቃወሙ። እኚህ ሴት በሌላ ጊዜ ስብሰባ መጥተው፣ ሰምተው፣ ነጠላቸውን አጣፍተው የሚሄዱ ናቸው። ዛሬ ግን በመጀመሪያ በዚያ በኩል እሾህ አለ አሉ። ሰብሳቢው እንግዶቹ ጫማ አላቸው አሏቸው። ወይዘሮ ድንቅነሽ እባብም አለ አሉ። ጫማው ረጅም ነው ተባሉ። እንግዲያው ዋሻው ውስጥ ጋኔን አለ አሉ። መምሬ ጋኔኑ ለእሳቸው እንዲተውላቸው፣ ነገ ከቅዳሴ በኋላ ጠበል ይዘው እንደሚወጡ ቃል ገቡ። ወይዘሮ ድንቅነሽ ጠበልማ አያስፈልግም ብለው ደንገጥ አሉና፣ ነብር አለ አሉ።

ይህ ነገሩን አባሰው። ሰብሳቢው ከመቀመጫቸው ተነሥተው፣ ነብር ካለማ ቤርጎው ሁለት ክፍል አይበቃውም፣ ካፒቴኑ ነብር ማደን እንደሚወዱ የታወቀ ነው አሉ። ሰኞ ጠዋት ጠብመንጃ የያዙ ወታደሮች አስከትለው ቀስቱን ይዘው በቀጥታ ዋሻው እንዲገቡ በዛሬው ደብዳቤ እንዲጋበዙ ሐሳብ አቀረቡ።

አቶ ገረሱ በዋሻው አካባቢ ከብት ሲያሰማሩ ኖረው የነብር ኮቴ አይተው እንደማያውቁ ተናገሩና ወደ ወይዘሮ ድንቅነሽ ተመለከቱ። ወይዘሮ ድንቅነሽ ወደ መሬት ተመለከቱ።

ድምፅ ተሰጠ። ሦስት ደገፉ፤ አቶ ገረሱ ድምፅ አልሰጡም፤ ወይዘሮ ድንቅነሽ ተቃወሙ። መንገዱ በዋሻው በኩል እንዲሆን፣ ካፒቴኑም ለነብር አደን እንዲጠሩ ተወሰነ።

አጀንዳ 4፦ ልዩ ልዩ

ሰብሳቢው ልዩ ልዩ ያለው አለ ወይ ብለው፣ የለም የሚለውን መልስ ሳይጠብቁ ባርኔጣቸውን አነሡ። ወይዘሮ ድንቅነሽ ተነሥተው ቆሙ።

«ነብሩ ልጄ ነው» አሉ።

ልጃቸው ኃይለ መስቀል ዓምና ከአርበኞች ጋር ጫካ እንደ ገባ ሁላችን እንጠረጥር ነበር፤ ሆድ ይፍጀው ብለን ትተነው ነው። ባለፈው ወር ደግሞ በአስኮ መንገድ ለሽፍታ ስንቅ አቀበሉ የተባሉት ባልና ሚስት ምን እንደ ሆኑ እዚህ የተቀመጠ ሁሉ አይቷል። አሁን ይህን ቃል ግራዝማች መሸሻ ፊት፣ ቢሮው የሾማቸው፣ ማኅተሙን በኪሳቸው የያዙት ሰው ፊት ተናገሩት። ጸሐፊው ፈራ። ብዕሩንም አስቀመጠ።

ሰብሳቢው በሩን ራሳቸው ሄደው ዘጉት። ተመልሰው ሲቀመጡ ጸሐፊውን አዩና «ጻፍ፤ ማን አቁም አለህ?» አሉት።

ከዚያ ልጁ ብቻውን እንደሆነ ጠየቁ። ወይዘሮ ድንቅነሽ ብቻውን እንደሆነ፣ ጭኑን በጥይት እንደ ተመታ፣ እንኳን ሊሸሽ ቆሞ ውኃ መቅዳት እንደማይችል፣ እንጨት ለቀማ የሚወጡትም እሱን ሊያበሉና ቁስሉን ሊያጥቡ እንደሆነ ነገሯቸው። ቢሸከሙትስ ቢባሉ፣ ኬላው እያለ በየት በኩል አሉ። ይህን ሁሉ ሲናገሩ ዓይናቸው ከግራዝማች ላይ አልተነሣም።

ሰብሳቢው የተናገሩት እንዳለ ይህ ነው፦ «ሹመት በላሁ እንጂ ሰው አልበላሁም።»

መምሬ መንገዱ በተራራው በሌላኛው ወገን ቢዞርስ የሚል ሐሳብ አቀረቡ። አቶ ገረሱ አይሆንም አሉ። እንግዶቹ ያለ መሪ ነው የሚሄዱት፤ መሪ የሌለው ሰው ዛሬ ቀስቱን ይከተላል፣ ነገ ቢራቢሮ ይከተላል፤ አንድ ቀስት ተራራው ላይ ካረፈ ዋሻው አንድ ቀን መገኘቱ አይቀርም። ተራራው እስካለ ድረስ መፍትሔ እንደሌለ ጉባኤው ተገነዘበ።

ስለዚህ ሰብሳቢው ተራራው እንዳይኖር ሐሳብ አቀረቡ።

አቶ ሰይፈዲን ሐሳቡን እንደሚደግፉ፣ ነገር ግን ሰኞ ካፒቴኑ መጥተው ይህ ምንድን ነው ብለው በጣታቸው ቢያሳዩ ምን ይባላል ብለው ጠየቁ። ሰብሳቢው ደመና ነው ይባላል አሉ። በጥቅምት ደመና የት አለ ቢባሉ፣ ጥቅምትን እነሱ አያውቁትም፣ የእነሱ ወር ሌላ ነው አሉ። ካፒቴኑ ባያምኑስ? ለዚያ ሰብሳቢው ራሳቸው ከፊት እንደሚቆሙ፣ የሚመጣውንም እሳቸው እንደሚቀበሉ፣ ከኮሚቴው ማንም አፉን እንዳይከፍት አዘዙ። ይህን ሲናገሩ ኪሳቸው ውስጥ ያለውን ማኅተም በእጃቸው ዳበሱ፤ ሰው ናቸው።

ተራራ አለ የሚል አባል ካለ እጁን እንዲያነሣ ተጠየቀ። በመስኮቱ በኩል ወጨጫ ከነጫካው ወለል ብሎ ይታያል። ማንም እጁን አላነሣም። ወይዘሮ ድንቅነሽ ድምፃቸውን ሊሰጡ ጀምረው መጨረስ አቃታቸው፤ ጉባኤው እንደ ሰጡ ቆጥሮላቸዋል።

ጉባኤው ከቀኑ በዘጠኝ ሰዓት ተኩል ሲነሣ የሚከተለው የመጨረሻ ውሳኔ ተላልፏል፦

ሀ. በአጀንዳ 1፣ 2 እና 3 የተወሰነው ሁሉ ተሽሯል። ለቢሮው የሚላከው ሌላ ሆኖ ይጻፋል፤ ይህኛው ከመጋዘኑ እንዳይወጣ።

ለ. ኮልፌ ባሕር የነበራት ቢሆንም ለማገዶ መሸጡ ለቢሮው ይገለጽ።

ሐ. ኮልፌ ተራራ የላትም። ወደ ዋሻው የሚወስድ መንገድ፣ ቀስት፣ ነብርም የለም።

መ. ይህ ውሳኔ የወይዘሮ ድንቅነሽ ልጅ በእግሩ መሄድ እስኪችል ድረስ የጸና ይሆናል። ከዚያ በኋላ ተራራው ወደ ቦታው ይመለሳል።