«ደህና ነን» ብዬ የደወልኩ ቀን

በአገራችን ከ«ለጊዜው» የረዘመ ዕድሜ ያለው ነገር አላየሁም። የግቢያችን በር ማጠፊያው ሲወልቅ «ለጊዜው በሽቦ ይታሰር» ተባለ። በዚያ ሰሞን የተወለደችው የጎረቤት ልጅ ዘንድሮ ስምንተኛ ክፍል ትፈተናለች፤ ሽቦው ግን እንዳለ ነው። አጎቴ «ቤት እስካገኝ ለጊዜው» ብሎ ሻንጣውን ሳሎናችን ውስጥ አሳረፈ፤ ሁለተኛ ልጁን የዳረው ከዚያው ሳሎን ነው። እናንተም ብትሆኑ አትሳቁ። ይህን የምታነቡበትን ጠረጴዛ እግር ጎንበስ ብላችሁ እዩት። እንዳይንገዳገድ የታጠፈ ወረቀት ተወትፎበት ታገኛላችሁ፤ ማን መቼ እንደወተፈው የሚያስታውስ ሰው ግን ቤታችሁ ውስጥ የለም።

ይህን ስል የምፈርድ እንዳይመስላችሁ። እኔ ራሴ እንጀራዬን የምበላው በ«ለጊዜው» ነው። አዳማ የምኖር የውሃ ፓምፕ ጠጋኝ ነኝ። ከሶደሬ ጀምሮ እስከ ባቱና አዳሚ ቱሉ ድረስ ሽንኩርትና ቲማቲም የሚያጠጣ ገበሬ ፓምፑ እምቢ ሲለው እኔ ዘንድ ይደውላል። ሽንኩርት ደግሞ ያንን ፀሐይ ብዙ ቀን አይታገስም፤ ስለዚህ መለዋወጫው እስኪመጣ ድረስ በላስቲክም፣ በቆዳም፣ በሽቦም ብዬ አስነስቼው እመለሳለሁ። የምሄደው በከድር ሞተር ነው። እሱ ይነዳል፤ እኔ ከኋላ የዕቃ ቦርሳዬን አቅፌ እፈራለሁ። አሥር ዓመት ሙሉ እንዲህ ሠርተናል። መንዳት ለምን አልተማርክም ብትሉኝ፣ መልሴ «ለጊዜው ከድር አለ» የሚል ነበር።

ከድር ወላጆቹ ከወሎ የመጡ፣ እሱ ግን አዳማ ተወልዶ ያደገ ቀጭን ሰው ነው። «ቢስሚላህ» ሳይል ቁልፍ አያዞርም። ሚስቱ ዘይነባ ቤቷ ውስጥ የተማሪ ዩኒፎርም ትሰፋለች፤ ሁለታችንም እንፈራታለን። ጠዋት ስንወጣ በር ላይ ቆማ እሱን አትመለከትም፤ እኔን እያየች «አደራህን፣ በደህና መልሰው» ትለኛለች። የሚነዳው እሱ፣ አደራው የኔ!

የዚያን ቀን ጠዋት የሞተሩ ሰንሰለት የሚቆለፍባት ትንሽ ክሊፕ ወድቃ ጠፍታለች። ከድር «ሱቅ እስኪከፈት ጠብቀን እንግዛ» አለ። እኔ ግን የኦቦ ገመቹ ፓምፕ ቆሞ ሽንኩርታቸው እየጠወለገ እንዴት ልጠብቅ? ፒንሳዬን አወጣሁና ክሊፗ የነበረችበትን ቦታ በቀጭን ሽቦ ጠምዝዤ አሰርኩት። በጣቴም ቸብ ቸብ አደረግኩት፤ ቸብ ቸብ የተደረገ ነገር አይበጠስም ያለኝ ማን እንደሆነ አላውቅም። «ለጊዜው ያደርሰናል» አልኩ።

ማድረሱንስ አደረሰን። ስለ መመለስ አልተነጋገርንም።

ኦቦ ገመቹ ከሶደሬ ወዲያ አዋሽ ዳር የሚያርሱ ሽማግሌ ናቸው። ፓምፓቸውን አስነሳን፣ እርጎ ጠጣን፣ ተመረቅን፣ ስምንት ሰዓት ግድም ተነሳን። ዋናው መንገድ ያዞራል፤ በግራሩ መሀል የሚያቋርጥ የከብት መንገድ አለ፤ እሱን ያዝን። ጥቁር ድንጋይና አቧራ ብቻ ነው፤ በዚያ ሰዓት ከብቱም ወንዝ ወርዷል፣ እረኛውም ጥላ ፈልጎ ተኝቷል። ግማሽ ሰዓት ያህል እንደሄድን ከእግሬ ሥር አንድ ነገር «ቀጭ» ሲል ሰማሁ። የተበጠሰው ሰንሰለት የኋላ ጎማው ላይ ተጠምጥሞ ጎማውን ሰንጎ ያዘው። ሞተሩ ወደ ጎን ሄደ፣ እኔ ወደ ላይ ሄድኩ፣ ከዚያ በኋላ መሬቱ ወደኔ መጣ።

ስነሳ ከድር የለም። ሞተሩም የለም። ከመንገዱ በስተግራ ካለው ቦረቦር ውስጥ ግን የሞተሩ ጩኸት ይሰማል። ጠርዙ ላይ ደርሼ ቁልቁል ሳይ ከድር በጀርባው ተንጋሏል፤ ሞተሩ እግሩ ላይ ተኝቷል፤ ከነዳጅ ታንከሩ የሚንጠባጠበው ቤንዚን ከጋለው የጭስ ማውጫ አንድ ስንዝር ራቅ ብሎ አሸዋው ላይ ይወድቃል። እዚህ ላይ ስለ ጀግንነቴ ብጽፍ ደስ ይለኝ ነበር። እውነቱን ልንገራችሁ? ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ሄጃለሁ። ሦስተኛውን እንዳልረግጥ ያደረገኝ የከድር ድምፅ ነው።

«ቁልፉን! ቁልፉን ዝጋው!»

ተንደርድሬ ወረድኩ። እጄ ቁልፉን ማግኘት አቃተው፤ አሥር ዓመት ሙሉ ከኋላው የተቀመጥኩበት ሞተር ቁልፉ በየት በኩል እንደሆነ ጠፋኝ። በመጨረሻ አገኘሁትና አዞርኩት። ጸጥ አለ። ያ ጸጥታ ግን ከጩኸቱ የባሰ ነበር፤ አሁን የሚሰማው ቤንዚኑ ሲንጠባጠብና ከድር በጥርሱ መሀል ሲተነፍስ ብቻ ነው። ሞተሩን አንስቼ ወዲያ ጣልኩት። በደህናው ቀን ለሁለት የማናነሳውን ሞተር እንዴት ለብቻዬ እንዳነሳሁት ዛሬም አይገባኝም።

የከድር እግር ከጉልበቱ በታች መታጠፍ በማይገባው ቦታ ላይ ታጥፏል። ባቱ ተሰንጥቆ ደሙ ይወርዳል። ሸሚዜን አውልቄ አጣጠፍኩና ቁስሉ ላይ አድርጌ በሁለት እጄ ተጫንኩት። ከቦርሳዬ ውስጥ ያሉት የፓምፕ መፍቻዎች ለሞተሩ አንዱም አይሆኑም፤ አሮጌ የጎማ ከመነዳሪና ሁለት ቁራጭ የፓምፕ ቧንቧ ግን ነበሩኝ። ቧንቧዎቹን በግራና በቀኝ አድርጌ እግሩን በከመነዳሪው ጠፍሬ አሰርኩት። ሳስረው ከድር አልጮኸም። ያሰርኩትን ቀና ብሎ አየና ብቻ «የጣለን እሱ ነው? ሽቦው?» አለኝ።

«ሽቦው ነው» አልኩት። ማልቀስ ጀመርኩ።

«አታልቅስ» አለኝ። «ዓይቼው ነው የተቀመጥኩበት።»

ከዚያ ፊቱ አመድ መሰለ፤ በዚያ ሙቀት ላይ «በረደኝ» አለ። ሰው በስምጥ ሸለቆ ፀሐይ በረደኝ ሲላችሁ ምን እንደሚሰማችሁ አልነግራችሁም፤ አይድረስባችሁ። ግራሩ ሥር ጎትቼ ጥላ ውስጥ አስተኛሁት፣ የቀረችንን ውሃ በክዳን አጎነጨሁት። የሱ ስልክ ተሰባብሯል። የኔ ሦስት በመቶ ባትሪ ቀርቶታል፤ ኔትወርክ ደግሞ የለም። ከፊታችን አንድ ጥቁር የድንጋይ ኮረብታ አለች። እሷ ላይ ብወጣ ይገኝ ይሆናል፤ ግን እሱን ብቻውን ትቼ? «ሂድ» አለኝ። ሮጥኩ። በየአሥር እርምጃው ዞር ብዬ ደረቱ መነሳት አለመነሳቱን አያለሁ፤ ከራቅሁ በኋላ ግን መለየት አቃተኝ። ግራሩ አናት ላይ አንድ ጥንብ አንሳ መጥቶ ማረፉ ብቻ ይታየኛል።

ኮረብታዋ ጫፍ ላይ አንዲት የኔትወርክ መስመር ብቅ አለች። ቅርብ ያሉት ኦቦ ገመቹ ናቸው፤ ደወልኩ። አነሱ። እልል ልል ምንም አልቀረኝም።

«ሄሎ! አካም ጅርታ?» አሉ ኦቦ ገመቹ።

«ነጋዳ፣ ደህና ነኝ!» አልኩ።

«ቤተሰብ ደህና?»

«ደህና ናቸው።»

«ከድርስ? ደህና ነው?»

«ደህና ነው፣ እግዚአብሔር ይመስገን!» አልኩ።

ስልኩ ጠፋ።

እባካችሁ ከመስደባችሁ በፊት አንድ ጊዜ ራሳችሁን ጠይቁ። ከትልቅ ሰው ጋር ስታወሩ ክፉ ወሬ ስንተኛ ላይ ነው የምትናገሩት? መጀመሪያ ደህና ነን ይባላል። ሁለተኛም ደህና ነን ይባላል። ሦስተኛ ፈጣሪ ይመሰገናል። «ግን…» የምትለዋ በአራተኛው ላይ ነው የምትመጣው። የኔ ባትሪ እስከ ሦስተኛው ብቻ ነበር የሚዘልቀው። አፌ እናቴ ባሳደገችው መንገድ ሄዶ፣ ከታች ደሙ የሚፈሰውን ጓደኛዬን ደህና ነው ብሎ አሰናበተ። የጠፋውን ስልክ ጆሮዬ ላይ ይዤ «ግን ወድቀናል! ግን እግሩ ተሰብሯል!» እያልኩ ለድንጋዩ ጮህኩ።

ወርጄ ስመጣ ከድር ዓይኑን ገለጠ። «ነገርካቸው?»

«ነገርኳቸው። እየመጡ ነው» አልኩት። በሕይወቴ ብዙ ዋሽቻለሁ፤ እንደዚያ የከበደኝ የለም።

ከዚያ በኋላ የጠበቅነው በእጅ ሰዓቴ ሁለት ሰዓት ያህል ነው፤ እኔ ግን ሰዓቱን አላምነውም። ቁስሉን እንደተጫንኩ ጣቶቼ ደነዘዙ። ጥሎት መሮጥ ሞት ነው፤ አብሮ መቀመጥም ሞት ነው። ማንም እንደማይመጣ የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። እሱ ግን ሰው ይመጣል ብሎ በየደቂቃው ወደ መንገዱ ያያል፤ ባየ ቁጥር እኔ ወደ መሬት አያለሁ። ፀሐይዋ ወደ ምዕራብ ስታዘነብል ውሃችን አለቀ። ከድር ከንፈሩ እየደረቀ ሸሃዳውን ማለት ጀመረ። እኔ እመብርሃንን ጠራሁ። እሱ በሱ በኩል፣ እኔ በኔ በኩል፣ ሰማይ ቤት በሁለቱም በር ብናንኳኳ አንዱ ይከፈታል ብለን። ቆይቶ እጄን ያዘና «ልጄን ሞተር እንዳታስነኳት» አለኝ። ኑዛዜ መሆኑ ገባኝ። ልነግረው አፌን ከፈትኩ፤ አልነገርኳቸውም፣ ደህና ነን ነው ያልኳቸው፣ ይቅር በለኝ ልለው። ያኔ ነው የጋሪ ድምፅ የሰማሁት።

በመጀመሪያ ጆሮዬን አላመንኩትም። ቀጥሎ የፈረሱ ጆሮ ከቦረቦሩ ጠርዝ በላይ ብቅ አለ፤ ከጆሮው ኋላ የኦቦ ገመቹ ባርኔጣ፣ ከሳቸው ኋላ ሁለት ጎረቤቶቻቸው። የጎማችንን ፋና ተከትለው ነው የመጡት። ተንበርክኬ እግራቸውን ልይዝ ስል በከዘራቸው ትከሻዬን መታ አደረጉኝ።

«ላሞቼን ሳትጠይቅ ስልክ ዘጋህ!» አሉኝ። «ባለቤቴን እንኳ አልጠየቅክም! አንተ እንዲህ ያለ ባለጌ ልጅ አይደለህም። መልሼ ብደውል የለህም። ይሄ ልጅ አንድ ነገር ቢሆን ነው ብዬ ጋሪ አስጠመድኩ።»

ከድርን በጭድ ላይ አስተኝተን በቅርብ ወዳለው ጤና ጣቢያ አደረስነው። ሐኪሙ ደሙ መቆሙን አይቶ፣ ቧንቧዬን አገላብጦ፣ «ማን ነው ያሰረው?» አለ። «ጥሩ ታስሯል፤ እግሩ ይድናል» ሲል ግድግዳውን ተደግፌ መሬት ላይ ተቀመጥኩ።

አሁን የቀረኝ ዘይነባ ናት። ስልኬን ከነርሷ ቻርጀር ላይ ሰካሁና ማልኩ፤ ከእንግዲህ ወዲያ ነገርን በቀጥታ ነው የምናገረው፤ ሰላምታ ሰው ሊገድልብኝ ነበር። ስታነሳ ትንፋሽ ሳልወስድ «ዘይነባ፣ ከድር ከሞተር ወድቆ እግሩ ተሰብሯል። በሕይወት አለ። ሶደሬ ጤና ጣቢያ ነን፣ ቶሎ ነይ» አልኳት።

«እሺ» አለችና ዘጋችው። እንዴት ያለች ጠንካራ ሴት ናት ብዬ አደነቅኋት።

እናንተ ግን የአገሩን ልማድ ታውቁታላችሁ። «ትንሽ አሞታል» ከተባለ ሰውየው አልጋ ይዟል። «በጣም አሞታል» ከተባለ ጥቁር ልብስ ከሳጥን ይወጣል። «በሕይወት አለ፣ ቶሎ ነይ» ከተባለማ…

ጀምበር ስትጠልቅ አንድ ሙሉ ሚኒባስ ሰው እያለቀሰ ግቢው ገባ። ሰፈሩ በሙሉ መጥቷል፤ እስላሙም ክርስቲያኑም። አንድ አዛውንት በፌስታል ነጭ ጨርቅ ይዘዋል። ከድር በመስኮት አይቷቸው «ምን ይዘው ነው?» ብሎ ጠየቀኝ፤ እኔም እንደማላውቅ ሰው ወደ ጣራው አየሁ። ዘይነባ ማንንም ሳታይ ገባች። አልጋው አጠገብ ስትደርስ ቆመች። ፊቱን በመዳፏ ያዘች፣ ግንባሩን ዳበሰች፣ የታሸገውን እግር እስከ ጣቶቹ ድረስ በዓይኗ ለካችው። አላለቀሰችም። ቀስ ብላ ወደኔ ዞረች።

«አንተ» አለችኝ፣ «ምናለ እንደ ሰው ሰላም ብትለኝ? እንደምን ዋልሽ ብትለኝ ኖሮ በሕይወት እንዳለ አውቅ ነበር እኮ።»

የቀረብኝን ለመክፈል ያህል፣ አንገቴን ደፍቼ፣ «እንደምን ዋልሽ፣ ዘይነባ?» አልኳት።

«አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነኝ» አለችና፣ ያኔ ገና እንባዋ መጣ።